ለጉብኝት የሚገዛ የጦር ኃይል መኪና አስቀድሞ በፍሬኑ ይመዘን

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

ክቡር ዋና አዘጋጅ፣

በደብረ ማርቆስና በአካባቢው ከተሞች፣ ጎብኚዎችን ወደ ጮቄ ተራራ፣ ወደ ግሽ ዓባይ፣ ወደ መርጡለ ማርያምና ወደ ዲማ ጊዮርጊስ የማጓጓዝ ሥራ ለመጀመር የሚያስቡ ወጣቶች፣ ከጦር ኃይል አገልግሎት የወጣና ስድስቱም ጎማው የሚጎትት የጭነት መኪና በጨረታ ወይም ከግለሰብ ለመግዛት ሲያጠያይቁ እሰማለሁ። አንዳንዶቹም እኔ ወደምሠራበት ጋራዥ እየመጡ ምክር ይጠይቃሉ። አሁን ያለንበት ጊዜ ለጉብኝት የሚመች እንዳልሆነ ሁላችንም የምናውቀው ቢሆንም፣ መኪና የሚገዛውም የሚጠገነውም ሥራው ከመምጣቱ በፊት ስለሆነ፣ በከባድ መኪና ጥገና ላይ ዕድሜውን ያሳለፈ ሰው የሚያውቀውን ነገር በጊዜው መናገር ይገባዋል ብዬ አምናለሁ።

የሚመጡት ወጣቶች ጥያቄ ሁልጊዜ ተመሳሳይ ነው፦ ዋጋው ስንት ነው፣ ዳገት ይወጣል ወይ፣ ጭቃ ያልፋል ወይ ይላሉ። እንዴት እንደሚወርድና እንዴት እንደሚቆም ግን እስካሁን የጠየቀኝ የለም። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው በዋናነት ለዚህ ነው። ጎጃምን ዓባይ ከምሥራቅና ከደቡብ ዞሮታል፤ ከደጀን ወደ ጎሃ ጽዮንም ሆነ ከቡሬ ወደ ነቀምት ለመሄድ መጀመሪያ ወደ በረሃው መውረድ ግድ ነው። በውስጥም ቢሆን ከጮቄ አናት፣ ከ4,000 ሜትር በላይ ከሆነው ከፍታ፣ ወደ ደብረ ማርቆስ ወይም ወደ ሞጣ የሚመለስ መኪና መንገዱ ቁልቁለት ነው። ለዚህ አገር መኪና የሚገዛ ሰው ከሞተሩ ጉልበት አስቀድሞ ፍሬኑን መመርመር ያለበት በዚህ ምክንያት ነው።

ከደጀን ከተማ እስከ ዓባይ ድልድይ ባለው ሃያ ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ መኪናው 1,300 ሜትር ያህል ቁልቁል ይወርዳል። ባዶውን 8 ቶን የሚመዝን፣ ኦራል የሚባለው የሶቪየት የጦር መኪና ይህን ያህል ሲወርድ የሚለቀው ጉልበት፣ በሙሉ ወደ ሙቀት ቢለወጥ፣ 300 ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ ለማፍላት የሚበቃ ነው። ይህ ጉልበት በዋናነት የሚሄድበት ቦታ ሁለት ነው፦ ሾፌሩ በከባድ ማርሽ ይዞት ከወረደ ሞተሩ ይውጠዋል፤ በቀላል ማርሽ ለቆት ከወረደ ደግሞ በፍሬን ሸራውና ሸራው በሚይዘው ታምቡር ላይ ይከማቻል። ጎማቸው ሥር ድንጋይ ተደርጎ፣ ከታምቡራቸው ጭስ እየወጣ በመንገዱ ዳር የቆሙ ከባድ መኪናዎችን ያላየ፣ የተቃጠለ ሸራ ሽታም ያልሸተተው የዚያ መንገድ ተጓዥ ያለ አይመስለኝም። ሸራው ከመጠን በላይ ሲግል መያዙን ይተዋል፤ ሾፌሩ ፔዳሉን አጥብቆ በረገጠ ቁጥር የሚያገኘው መልስ እያነሰ ይሄዳል። የቀድሞ ሾፌሮች በወጣህበት ማርሽ ውረድ ሲሉ የኖሩት ይህን ስለሚያውቁ ነው፤ ዛሬም የሚበልጥ ምክር የለም።

በአገራችን በብዛት የሚገኙት ባለስድስት ጎማ የጦር መኪናዎች በደርግ ዘመን ከሶቪየት ኅብረት የገቡት ኦራልና ዚል ናቸው፤ ፍሬናቸው ግን አንድ ዓይነት አይደለም። የዚል-131 ፍሬን ሙሉ በሙሉ በአየር የሚሠራ ሲሆን፣ የኦራል ግን አየርና ዘይት የተጣመሩበት ነው፤ ፔዳሉ ሲረገጥ አየር ይለቀቃል፣ አየሩ ፒስተን ይገፋል፣ ፒስተኑም የፍሬን ዘይቱን ወደ ጎማዎቹ ይገፋል። ስለዚህ ኦራል የሚገዛ ሰው ሁለት ሥርዓት አብሮ እንደገዛ ማወቅ አለበት። የፍሬን ዘይት ከአየር ውስጥ እርጥበት ይስባል፤ እርጥበት የገባበት ዘይት ደግሞ ታምቡሩ ሲግል ቶሎ ይፈላና ፔዳሉን ያላላዋል። ለዓመታት በግቢ የቆመ መኪና ዘይቱ ተቀይሮለታል ብሎ ማመን አይቻልም፤ ከተገዛ በኋላ በመጀመሪያው ቀን ሙሉ በሙሉ መቀየር አለበት፣ ከዚያም በየሁለት ዓመቱ።

ለመግዛት የሚሄድ ሰው ይህን ፈተና ሳያደርግ ብር እንዳይቆጥር እለምናለሁ። ሞተሩ ይነሣ፣ የአየር ጌጁ መርፌ የሥራ ግፊቱ ላይ እስኪደርስ ይጠበቅ፣ ከዚያም ሞተሩ ይጥፋና አንድ ሰው ፔዳሉን ረግጦ ይያዝ። ጸጥታው ሲመጣ ከመኪናው ሥር ፉጨት ከተሰማ፣ ወይም መርፌው ዓይን እያየው ወደ ታች ከሄደ፣ አየር የሚያመልጥበት ቦታ አለ ማለት ነው። በሳሙና ውሃ የራሰ ብሩሽ ይዞ በየመገጣጠሚያው ላይ መቀባት ቦታውን ያሳያል፤ አረፋው የሚነፋበት ቦታ ላይ ነው ጉዳቱ ያለው። አንድ የተሰነጠቀ ቱቦ ቢሆን ቀላል ነው፤ የአየር ማከፋፈያው ቫልቭ ከሆነ ግን ዋጋው ከግዢው ላይ ተቀናሽ መሆን ይኖርበታል። የአየር ማጠራቀሚያዎቹን ከሥር ከፍቶ ማየትም አይዘንጋ፤ ውሃና ዘይት ተቀላቅሎ የሚወጣ ከሆነ አየር የሚሞላው ኮምፕሬሰር ደክሟል። በጮቄ ብርድ ደግሞ ያ ውሃ ሌሊት በረዶ ሆኖ የፍሬኑን አየር ሊዘጋ ስለሚችል፣ ማጠራቀሚያዎቹን በየማታው የማፍሰስ ልማድ ከመጀመሪያው ቀን መጀመር አለበት።

በናፍጣ የሚሠራው ኦራል-4320 ከጭስ ማውጫው ላይ የሚዘጋ የሞተር ፍሬን አለው። ለዓባይ ቁልቁለት ከዚህ የሚበልጥ ዕቃ በመኪናው ላይ የለም፤ ነገር ግን በቆሙ መኪናዎች ላይ ብዙ ጊዜ በዝገት ተጣብቆ እናገኘዋለን። ሻጩ ፍሬኑ ደህና ነው ሲል ይህን ጨምሮ መሆኑን ጠይቁት፣ በዓይናችሁም ሲንቀሳቀስ እዩት።

ስለ ምርጫው ጥቂት ልበል። ቤንዚን የሚጠጣው ኦራል-375 ሰባት ሊትር መጠን ያለው ባለ ስምንት ሲሊንደር ሞተር ተገጥሞለት 180 የፈረስ ጉልበት የሚሰጥ ሲሆን፣ ፋብሪካው ራሱ በመልካም መንገድ ያወጣለት ፍጆታ በ100 ኪሎ ሜትር 48 ሊትር ያህል ነው። ከደብረ ማርቆስ ባሕር ዳር ወደ 265 ኪሎ ሜትር ስለሚሆን፣ ለመሄጃ ብቻ ከ120 ሊትር በላይ ቤንዚን ይፈልጋል፤ በጭቃና በዳገት ደግሞ ከዚያም እጅግ ይበልጣል። ነዳጅ ለመቅዳት የሚጠበቀውን ሰልፍ የሚያውቅ ሰው ይህን ቁጥር ይዞ ለጎብኚ የሚጠይቀውን ዋጋ ያስላ። ዚል-131 ስድስት ሊትር ሞተርና 150 የፈረስ ጉልበት ይዞ በመልካም መንገድ 40 ሊትር ያህል ይበላል። እንደ እኔ አስተያየት በቤንዚን የሚሠራን የጦር መኪና ለንግድ ጉብኝት መግዛት፣ በጣም ርካሽ ሆኖ ቢገኝም እንኳ፣ የማያዋጣ ነው።

ኦራል-4320 ማምረት የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1977 ሲሆን የካማዝ ናፍጣ ሞተር ይዞ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1993 የካማዝ ሞተር ፋብሪካ በእሳት በመውደሙ ኦራል የያሮስላቭል ሞተሮችን መግጠም ጀመረ። ይህ ለገዢው ተራ ታሪክ አይደለም፤ በውጪ አንድ የሚመስሉ ሁለት ኦራሎች የተለያየ ፖምፓ፣ የተለያየ ፊልትሮ፣ የተለያየ የሲሊንደር ጭንቅላት ጋስኬት ይፈልጋሉ ማለት ነው። በሞተሩ ላይ የታተመውን ቁጥር አንብቦ፣ ከሊብሬው ጋር አስተያይቶ፣ ከዚያም ወደ መለዋወጫ ሱቅ ሄዶ ዋና ዋና ዕቃዎቹ መኖራቸውን አስቀድሞ መጠየቅ ይገባል። ኦራል እስከ ዛሬ በሚያስ ከተማ ይመረታል፤ የዚል የሞስኮው ፋብሪካ ግን መኪና መሥራት ካቆመ ዓመታት ስላለፉት፣ ዚል የሚገዛ ሰው ለመለዋወጫ ሌላ አሮጌ ዚል ፈልጎ ማስቀመጥ እንደሚኖርበት ይወቅ።

ከውጭ አገር አነስ ያለ ለማስመጣት የሚያስቡም አሉ። የኦስትሪያው ፒንዝጋወር 712 በስድስቱም ጎማ ይጎትታል፣ አንድ ቶን ተኩል ይጭናል፣ ጠባብ በመሆኑም ለገጠር ድልድይና ለመንደር መንገድ ከኦራል እጅግ የተሻለ ነው። ሞተሩ በአየር የሚቀዘቅዝ ስለሆነ ራዲያተር የለውም። የአውስትራሊያ ጦር ሲጠቀምበት የነበረው ባለስድስት ጎማ ላንድሮቨር ደግሞ የአይሱዙ ናፍጣ ሞተር አለው፤ አይሱዙን የማያውቅ መካኒክ በአገራችን ባለመኖሩ ይህ ትልቅ ጥቅም ነበር፤ ነገር ግን መሪው በቀኝ ስለሆነ ለእኛ መንገድ አይስማማም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ባገለገሉ መኪናዎች ላይ የጣለው ቀረጥ ከባድ ስለሆነም፣ ከውጭ የሚመጣውን የሚያስብ ሰው የመኪናውን ዋጋ ሳይሆን ጉምሩክን አልፎ የሚደርስበትን ዋጋ አስቀድሞ ይወቅ።

አሁን ወደ ጎማው ልምጣ፤ ብዙ ገንዘብ የሚባክነው እዚህ ነው። ኦራልና ዚል ሾፌሩ ከካቢናው ሳይወርድ የጎማውን አየር የሚቀንስበትና የሚጨምርበት ዕቃ አላቸው። በአስፋልት ላይ 3.2 ባር የሆነው የኦራል ጎማ በዋልካ ጭቃ ላይ እስከ 0.5 ባር ሊወርድ ይችላል፤ ጎማው ተንጣልሎ መሬቱን በሰፊው ስለሚረግጥ፣ ሌላው መኪና እስከ ቻንሲው የሚሰምጥበትን ጥቁር አፈር ያልፋል። በክረምት የቢቸናን ወይም የሞጣን ጥቁር አፈር የሚያውቅ ሰው የዚህን ጥቅም አይክድም። ነገር ግን በዝቅተኛ አየር ከአሥር ኪሎ ሜትር በሰዓት በላይ መንዳት ጎማውን ከውስጥ ይቆራርጠዋል፤ ካላማዳሪያውንም ያሽከረክርና አፉን ይበጥሰዋል። አየሩ ወደ ጎማው የሚገባው በሚሽከረከረው የእግሩ ማዕከል ውስጥ አልፎ ስለሆነ፣ እዚያ ያሉት ኦይልሲሎች ካረጁ አየሩ ሌሊቱን አምልጦ ያድራል። በእያንዳንዱ ጎማ ላይ ያለውን መዝጊያ ዘግቶ ማሳደርና ጠዋት የትኛው እንደተነፈሰ ማየት ጉዳቱ በጎማው ይሁን በማዕከሉ ለመለየት ያስችላል።

የጦር ጎማ ጥርሱ ሙሉ ሆኖ ዕድሜው ያለቀ ሊሆን ይችላል። ብዙ ጊዜ ሳይሄድ በፀሐይ ቆሞ ስለሚኖር ጎኑ ይሰነጣጠቃል፤ ከ2000 እ.ኤ.አ. ወዲህ በተሠሩ በአብዛኞቹ ጎማዎች ጎን ላይ ከሚገኘው ባለ አራት አኃዝ ምልክት የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሳምንቱን፣ የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ዓመቱን ስለሚናገሩ ያንን አንብቡ። ለጎሚስታዎችም አንድ ቃል አለኝ፦ እነዚህ ቸርኬዎች በቀለበት የሚያያዙ ስለሆኑ፣ አየሩ ሙሉ በሙሉ ሳይወጣ ቀለበቱን መምታት ሰው ይገድላል። የአየር መሙያውን አፍ ነቅሎ አየሩን እስከ መጨረሻው ማውጣት፣ ሲነፋም ጎማውን በብረት ሣጥን ውስጥ አድርጎ ራቅ ብሎ መቆም የማይታለፍ ነው።

ለጎብኚ የሚሆን ቤት በጭነቱ ላይ ለማሠራት የሚያስቡ ሰዎች ደግሞ ቻንሲው የሚጠመዘዝ መሆኑን ይረዱ። እነዚህ መኪናዎች ድንጋይና ጉድጓድ ሲያልፉ ጎማዎቻቸው ከመሬት እንዳይለቁ ቻንሲያቸው ሆነ ተብሎ እንዲተጣጠፍ ተደርጎ ነው የተሠራው። ባትላሜራው ጠንካራውን የብረት ሣጥን በአራቱም ማዕዘን በብሎን ቢያጠብቀው፣ ወይ ሣጥኑ በበሩ ማዕዘን ይሰነጠቃል፣ ወይ ቻንሲው በተበየደበት ይሰበራል። መፍትሔው ሣጥኑን በሦስት ነጥብ ማሳረፍ፣ ወይም በአንዱ ጫፍ በሞላ ማሰር ነው፤ በቻንሲው ላይም ያለ አዋቂ አንድ ቀዳዳ እንኳ አይበሳ። በክፍት ጭነት ላይ ወንበር ደርድሮ ሰው መጫን ደግሞ ሕጉም ሕሊናም አይፈቅዱትም። የአካሉ ለውጥ በሊብሬው ላይ ካልሰፈረ አደጋ ሲደርስ ከመድን ድርጅቱ ጋር ክርክር ይነሣል፤ በአዋጅ ቁጥር 799/2005 የተደነገገው የሦስተኛ ወገን መድን ግዴታ ለእነዚህም መኪናዎች ነው።

በ3,000 ሜትር ከፍታ የአየሩ ግፊት ከባሕር ወለሉ በ30 በመቶ ያህል ስለሚያንስ ተርቦ (አየር አጭቆ የሚያስገባ ዕቃ) የሌለው ሞተር ጉልበቱ በዚያው ልክ ይቀንሳል፤ ናፍጣው ጥቁር ጭስ ያበዛል። ይህን አይቶ ፖምፓው ተበላሽቷል ብሎ የሚፈታ መካኒክ ስላለ ባለቤቱ ልብ ይበል። ወንዝ ከተሻገረ በኋላ ደግሞ የሦስቱንም ዲፈረንሻል ዘይት ማየት ያስፈልጋል፤ የጋለው ብረት በቀዝቃዛው ውሃ በድንገት ሲበርድ ውሃ ወደ ውስጥ ይስባልና ዘይቱ ወተት መስሎ ከወጣ በዚያው ቀን ይቀየር። የዲፈረንሻሎቹ መተንፈሻዎች በጭቃ መደፈናቸውም ዋናው ምክንያት ስለሚሆን በየጊዜው ይጽዱ። በአስፋልት ላይ ጉልበቱን ለፊትና ለኋላ ጎማዎች የሚያካፍለውን መካከለኛ ዲፈረንሻል ቆልፎ መንዳት ክሮቸራዎቹን ይበጥሳል፤ ቁልፉ ለጭቃ ብቻ ነው። ለወራት የሚቆም ከሆነ በሳምንት አንድ ጊዜ ሞተሩን አስነሥቶ ጥቂት መንገድ ማንቀሳቀስ፣ በቆመበት ብቻ ከማስነሣት ይሻላል።

የወታደር ቀለሙን ሙሉ በሙሉ ማስለወጥ ከምንም ነገር በፊት ይደረግ። በምንኖርበት ሁኔታ ውስጥ ከሩቅ የሚያይ ሰው መኪናው የማን እንደሆነ ሊሳሳት አይገባውም፤ ነጭ ወይም ቢጫ ቀለም፣ በጎኑም በትልቁ የተጻፈ የድርጅት ስም ሕይወት ሊያድን ይችላል።

ስለ ጮቄ አንድ ነገር ሳልል አላልፍም። 8 ቶን የሚመዝን መኪና ከመንገድ ወጥቶ ጓሳውንና ጅብራውን ረግጦ ቢያልፍ፣ ጎማው ያረሰው ቦይ በሚቀጥለው ክረምት ጎርፍ ይሆናል፤ ከዚያ ተራራ የሚነሡት ወንዞች የጎጃምን ገበሬ የሚያጠጡ ናቸው። መኪናው ማለፍ ስለቻለ ብቻ በእርሻ እርከንና በግጦሽ ላይ መሄድ የለበትም። የጎብኚ ሥራ የሚሠራ ሰው ከመንገዱ እንዳይወጣ የአካባቢው አስተዳደር ደንብ ቢያወጣ ተገቢ ነው እላለሁ።

በመጨረሻም ጨረታ ለሚያወጡ መሥሪያ ቤቶች የማቀርበው ጥያቄ አለኝ። ተጫራቹ መኪናውን በዓይን እንዲያይ ብቻ መፍቀድ አይበቃም። በጨረታው ማስታወቂያ ላይ የሞተሩ ዓይነትና ቁጥር፣ የቻንሲው ቁጥር፣ መኪናው ከቆመ ስንት ዓመት እንደሆነው ቢገለጽ፤ በመመልከቻው ቀንም ተጫራቹ የራሱን መካኒክ ይዞ ሞተሩን እንዲያስነሣና ከላይ የጻፍሁትን የአየር ፈተና እንዲያደርግ ቢፈቀድለት፣ መሥሪያ ቤቱም የተሻለ ዋጋ ያገኛል። በክልላችን ያሉ ፖሊቴክኒክ ኮሌጆችም ከእነዚህ መኪናዎች አንዱን ለማስተማሪያ ቢያገኙ፣ የአየር ፍሬን የሚፈታና የሚገጥም ወጣት በየከተማው ይኖረን ነበር። ጋዜጣችሁ ይህን ጥያቄ ለሚመለከታቸው አካላት አቅርቦ መልሳቸውን እንዲያወጣልን በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ከሰላምታ ጋር፣
አንድ የከባድ መኪና መካኒክ
ደብረ ማርቆስ